የብርጓል፣ ባልዲውና የሩዙ ውሃ

የብርጓልን ያወቅኋት ልብሷ ላይ አስመልሼባት ነው። እንዲህ ብሎ ወግ መጀመር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። በ1978 ክረምት ተቅማጡ ያዘኝና የፋብሪካ ጓደኞቼ በሳንቃ ተሸክመው ጣና ዳር ከተተከለው የሕሙማን ድንኳን አደረሱኝ። አንዲት ሴት ጭንቅላቴን ደግፋ ልታጠጣኝ ስትሞክር የጠጣሁትን ሁሉ ለቀቅሁባት። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፣ ቋቅ አላት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጭንቅላቴን የያዘው እጇ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲሻለኝ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ተወው» አለችኝ። «እኔም ልመልስብህ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤቷ ጎራ እላለሁ። ከዚህ በታች ያለው እሷም አባቷም በየተራ፣ አንዳንዴም ከአፍ ለአፍ እየተነጣጠቁ ያወሩኝ ነው። የኔ ሥራ ማገጣጠም ብቻ ነው።

የብርጓል ከልጅነቷ ተጸያፊ ነበረች። ወጥ ውስጥ አንዲት ፀጉር ካየች በዚያ ቀን እህል አትቀምስም። የጣና ዳር ልጅ ሆና ዓሣ ሲዘረገፍ ማየት አትችልም፤ አጥማጆቹ አንጀቱን ጎልጉለው ለወፍ ሲወረውሩ አፍንጫዋን ይዛ ትሮጣለች። ሰው የጠጣበትን ጣሳ ሦስቴ ሳታለቀልቅ አታነሣም። ጎረቤት «ትኮራለች» ይላታል። አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ግን ይህ ነገሯ ደስ ይላቸው ነበር። በሐይቁ ዳር ባለች ደብር ድጓ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም ሰፈሩም «የኔታ» ይሏቸዋል። «እድፍ የሚጸየፍ ልብ ኃጢአትንም ይጸየፋል» እያሉ በልጃቸው ይመኩባት ነበር።

ከዚያ ባሏ ወደ ሰሜን ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ሦስተኛው አልመጣም። የብርጓል ሥራ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት ከረመች። አራተኛ ክፍል ለጨረሰች ሴት የተገኘው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፦ በጤና ጣቢያ ጽዳት። ቃሉ ሲሰሙት ያምራል። በመጀመሪያው ቀን እጇ ላይ የተሰጣት ግን አንድ ባልዲ ነበር፤ ባልዲው ውስጥ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ከጣቢያው ጀርባ ሄዳ ሆዷ ባዶ እስኪሆን አስመለሰች። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሦስተኛውም።

መሪጌታ ሲሰሙ አልጮሁም፣ አልረገሙም። በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ዳቦ ጋግራ ብትወስድላቸው ግን በእጃቸው አልተቀበሏትም።

«እዚያ አስቀምጭው» አሏት፣ የደጃፉን ድንጋይ በዓይናቸው እያሳዩ።

በማግሥቱ ስትመለስ ዳቦው እንዳለ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ቁራ ጠርዝ ጠርዙን በልቶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጇ እህልም ውሃም አልቀመሱም።

ተቅማጡ በ1977 ሲገባ ለበሽተኞቹ ለብቻ ድንኳን ተተከለ። አልጋዎቹ ሸራ ናቸው፤ መሀል ለመሀል ተቀደው ከሥራቸው ባልዲ ይቀመጣል። በሽተኛው ከተኛበት መነሣት አያስፈልገውም፤ እንደ ተቀደደ ቧንቧ ይወርደዋል። የሚወርደው ደግሞ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ነጣ ያለ፣ ድፍርስ፣ ውስጡ ብጭቅጫቂ የሚዋኝበት ውሃ ነው፤ የከረመ የዓሣ እጣቢ ይሸታል። የባልዲው ውስጠኛ ግድግዳ በቀለም የተሠመረ መስመር አለው። የየብርጓል ሥራ በባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ ስንት መስመር እንደሞላ ማየት፣ መናገር፣ መድፋት ነበር። በሽተኛው የወጣውን ያህል መልሶ መጠጣት አለበት፤ ስለዚህ መስመሩ መሳሳት የለበትም። ፊት አዙሮ በግምት መናገር አይቻልም።

«ስንት ነው፣ ጓድ ባልዲ?» ይላታል አካሉ። አካሉ የድንኳኑ የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰር ነው፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ ልጅ። ያን ጊዜ ሁሉ ሰው ጓድ ስለነበረ ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«ሦስት ተኩል። አፍህንም እዚሁ ብትከተው አራት ይሞላ ነበር።»

የሚያጠጧቸው ውሃ ሁሌም አንድ ነው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተበጠበጠ ስኳርና ጨው። የብርጓል በዚህ አታምንም ነበር። ይህን የሚያህል ደዌ በስኳር ውሃ? አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ስሚ» አላት አካሉ፣ እጁን በሳሙና እየታጠበ። «የአንጀታችን ግድግዳ ከሕዋስ የተሠራ ነው። ሕዋስ ማለት በዓይን የማትታይ ትንሽ ቤት በያት። እያንዳንዷ ቤት ዙሪያዋን በስስ ልባስ ተጠቅልላለች። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ያ ልባስ ነው። ውሃን ብዙም አያስቸግረውም። ጨውን ግን እንዲሁ አያሳልፈውም፤ ጨው በበር ነው የሚገባው። በሩ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በር ጨው ብቻውን ቢመጣ አይከፈትም፣ ስኳር ብቻውን ቢመጣም አይከፈትም። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ነው የሚያስገባቸው።»

«እንደ ሙሽራና ሚዜ?»

«እንደ ቀበሌ ሱቅ። አንቺ ያለ ካርድሽ ብትሄጂ ምንም አታገኚም፤ ካርድሽም ያላንቺ ቢሄድ ምንም አያገኝም።»

«በሽታውስ ምን ያደርጋል?»

«የበሽታው መርዝ ሌላውን በር፣ የማስወጫውን፣ በርግዶ ይከፍትና እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ጨው እየፈሰሰ ይወጣል። ውሃ ደግሞ የጨው አሽከር ነው፤ ጌታው በሄደበት ይከተላል። ሰው በአንድ ቀን የሚደርቀው ለዚህ ነው። ደጉ ነገር፣ ያንን የሁለቱን በር መርዙ አይነካውም። በዚያ በኩል ጨውና ስኳር ስናስገባ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል።»

የብርጓል «እሺ» አለች እንጂ አላመነችም። ያመነችው ባልዲውን አይታ ነው። ከእንፍራንዝ ለሥራ የመጣ አንድ ግንበኛ ጠዋት አራት መስመር ሞላ፤ እየጠጣ ዋለ፤ ማታ ሦስት፣ በማግሥቱ አንድ። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያንን በር በዓይኗ ያየችው ያህል ነበር።

የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ጠዋት፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አክስቷ እትየ ወለተ ሥላሴ ቆማ አገኘቻት። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ወደ ውስጥ ላለማየት ወደ ሐይቁ ዞራ ነበር።

«የኔታ ያዛቸው» አለች። «ከትናንት ሌሊት ጀምሮ።»

የብርጓል የያዘችውን መጥረጊያ አስቀመጠች። «ለምን አላመጣችኋቸውም?»

«‹በሕማማት ከደብሬ ደጅ አልወጣም› አሉ። ልናነሣቸው ብንሞክር በመቋሚያቸው መቱን።»

«ምን እያጠጣሻቸው ነው?»

«አንች ያልሽኝን። ውሃና ጨው።»

«ስኳሩስ?»

«ምን ስኳር ትይኛለሽ፣ በሕማማት? ቄሱ ‹ሕመምተኛ ነዎት፣ ይጠጡ› ብለው ፈትተዋቸዋል፤ እሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት። ያንን ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የስኳርና የጨው ዱቄት በጥብጬ ብሰጣቸው በምላሳቸው ቀመስ አደረጉና ‹ጌታየ ሐሞት በጠጣበት ሰሞን እኔ ጣፋጭ?› ብለው ተፉት። እኔም ዱቄቱን ትቼ ውሃው ላይ ጨው ብቻ አበዛሁበት። አንድ ጭብጥ። ማካካሻ ይሆናል ብየ።»

የብርጓል ያንን ስስ ልባስ አሰበችው፤ ጨው ብቻውን በሩ ላይ ተከምሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከውስጥ ያለው ውሃ ጨውን ፍለጋ ወደ ውጭ ሲፈስ ታያት። አክስቷ አባቷን እያጠጣች እያደረቀቻቸው ነበር።

አንድ ባልዲ አንሥታ ሮጠች።

የመሪጌታ ጎጆ ከደብሩ አጥር ሥር ነው። ገና ከደጅ ያ የምታውቀው የዓሣ እጣቢ ሽታ ተቀበላት። ድንኳን ውስጥ ሲሆን ሽታው የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። እዚህ ግን የአባቷ ነበር፤ ከመጻሕፍታቸው ማኅደር ቆዳ፣ ከጋቢያቸው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ። ከንፈሯን ነክሳ ገባች።

መሪጌታ ቁርበቱ ላይ ተጣጥፈው ተኝተዋል። ዓይናቸው ወደ ጉድጓዱ ገብቷል። ማሕሌት ሲቆሙ አጥር አልፎ የሚሰማው ድምፃቸው ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷል።

«ማናት?»

«የብርጓል ነኝ፣ አባየ።»

«በእጅሽ አትንኪኝ።»

እሷ ግን የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፎ ቀረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ባልዲውን ከሥራቸው አስገባች፣ የጨዉን ውሃ ደጅ ደፋችው፣ ተመልሳም ወደ ድንኳኑ በረረች።

«አምጫቸው» አላት አካሉ።

«አይመጡም። እየታገሉ ብናመጣቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ።»

«በክንድ የሚሰጠው ውሃ ደግሞ አልቋል፤ መኪናው ነገ ነው የሚመጣው» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አልቀለደም። ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞረ። «ሥልጠና ላይ የሰማሁት ነገር አለ። ያ ጥግ ያለው ጆንያ አሁንም አለ?»

ጆንያው ሩዝ ነበር። ይፋግ በኩል ያሉ ገበሬዎች ያን ሰሞን ሩዝ መዝራት ጀምረው፣ ማኅበራቸው ለድንኳኑ ሠራተኞች አንድ ጆንያ በስጦታ ልኮ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ የነካው የለም። የብርጓልማ አንድ ጊዜ ፈትታ ትል ሲርመሰመስበት አይታ ዘልላ ወጥታለች።

«ያን ትል?»

«ያንን ትል። ወቅጠሽ አልመሽ፣ አቅጥነሽ ቀቅይው። በሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከዚያ አታሳልፊ። አፍ ላይ አይጣፍጥም፤ አንጀት ሲደርስ ግን ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል። በሩ ይከፈታል።»

የብርጓል እየዘገነናት ወቀጠችው። ቀቀለችው። ሲበስል ክዳኑን ከፍታ ስታይ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ነጣ ያለ፣ ድፍርስ፣ ውስጡ ብጭቅጫቂ የሚዋኝበት ውሃ። በየቀኑ ጎንበስ ብላ መስመሩን የምትቆጥረው ነገር ራሱ። ሽታው ብቻ ነው የሚለየው። ድስቱን ልትደፋው ብድግ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችው።

አክስቷን አስከትላ ጎጆው ስትደርስ ጽዋውን እትየ ወለተ ሥላሴ ያዘች፤ መሪጌታ ከእህታቸው እጅ ይጠጣሉ ተብሎ። አክስቲቱ እየፈራች አጠገባቸው ተንበረከከች። ልክ ቀና ልታደርጋቸው ስትል ሆዳቸው ጮኸ፣ ባልዲው ውስጥም ያ ነገር ተንዶ ወረደ። እትየ ወለተ ሥላሴ «ኡኡ» ብላ ጽዋውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከግድግዳው ጀርባ ስታስመልስ ሁለቱም ሰሟት።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። የብርጓል ባልዲውን አየች። ሦስት መስመር፣ በአንድ ጠዋት። እስከ ማታ እንዲህ ከቀጠለ አባቷ አያድሩም።

ጽዋውን አንሥታ ቀረበቻቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ጽዋውን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ደግመው ጽዋውን አዩ።

«ከዚያ ቀድተሽ ነው?»

«የሩዝ ውሃ ነው፣ አባየ።»

«ሩዝ ምንድን ነው?»

«እህል ነው። የይፋግ ገበሬ የሚዘራው።»

«ይጣፍጣል?»

«አይጣፍጥም» ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። ውሸትም አይሆንም። ግን ለአባቷ በሕማማት ግማሽ እውነት ልትሰጥ አልደፈረችም።

«አፍ ላይ አይጣፍጥም። አንጀት ሲደርስ ግን ስኳር ይሆናል። መሆንም አለበት። በሆድዎ ውስጥ ስስ ልባስ አለ፤ በሩ ለጨው ብቻ አይከፈትም፣ ለሁለቱ ነው የሚከፈተው። እትየ ጨው ብቻ ስትሰጥዎት ውሃዎትን እያስወጣችው ነበር።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰላት። ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ነገራቸው ግን የመምህር ነበር።

«ጾም የተሰጠው ለአፍ ነው። አፌ ካልጣፈጠው እኔ አልሻርሁም። ከጉሮሮ ወዲያ ያለውን እሱ የበሩ ጠባቂ ይጠየቅበት።»

«እንግዲያው ይጠጡ።»

«ከእህቴ እጅ። ከአንች አይደለም።»

«እትየ ሸሽታለች።»

«ትመለስ።»

የብርጓል ምናልባት ጽዋውን ስለጠሉት ይሆናል ብላ፣ ከባልዲው ያልተቀዳ መሆኑን ልታሳያቸው ወደ ራሷ አፍ አስጠጋችው። ከንፈሯ ሲነካው ቋቅ አላት። ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ቋቅ አላት፤ እንባዋ ወረደ። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና አንድ ጉንጭ ዋጠች። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ ትክ ብለው እያዩዋት ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ያስጠላኛል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ይህ ውሃ። ባልዲው። ሽታው። እርስዎም፣ አባየ፣ አሁን በጣም ያስጠሉኛል።»

እንዲህ ብላ ተናግራቸው አታውቅም።

«ለምደሽዋል ብየ ነበር እኮ» አሉ መሪጌታ።

«አንድ ቀን አልለመድሁትም።»

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የምሄድ፤ የበላሁ እንደሆን እመልሰዋለሁ።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በኋላ ለእኔ እንደነገሩኝ፣ የተቆጡት በባልዲው አልነበረም። ልጃቸው መጸየፍ የሚባል ነገር ከላይዋ ተገፍፎ፣ ንጹሑና እድፉ አንድ ሆኖባት፣ እንደ ሰፈር ውሻ ሆናለች ብለው ነበር። በየቀኑ እየተጸየፈች በየቀኑ እጇን እንደምትሰድ አልገባቸውም ነበር።

«በይ አምጭው» አሉ። «ቀስ አድርገሽ።»

በማንኪያ ጀመረች። አንዱን ዋጡ፣ ሁለተኛውን ዋጡ፣ አምስተኛው ላይ ሁሉንም ቀሚሷ ላይ መለሱት። የብርጓል ቋቅ እያላት ጠረገችው፤ ጥቂት ቆየችና እንደገና ከአንድ ማንኪያ ጀመረች። መሪጌታ በመሀል «እጅሽን ታጠብሽ?» ይላሉ። ትታጠባለች። ታጠጣቸዋለች። እትየ ወለተ ሥላሴ አፍራ ተመልሳ ከደጅ ውሃ ታፈላ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

ደፍታ መልሳ ያስቀመጠችው ባልዲ ወደ ማታ ሁለት መስመር ተኩል ነበር። የብርጓል የተሳሳተች መስሏት ጎንበስ ብላ ደጋግማ አየችው። ረቡዕ ጠዋት አንድ ተኩል ሆነ። የክንዳቸው ቆዳ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎም ቢሆን ወደ ቦታው ይመለስ ጀመር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደጅ ድስት ስታጥብ ጠሯት።

«የብርጓል።»

«አቤት አባየ።»

«ነውር ነው እንጅ... ሽንቴ መጣ።»

ድስቱን ጥላ ገባች። የደረቀ ሰው ሽንት የለውም፤ ሽንት መጣ ማለት ውሃው በዚያ በር ገብቶ ወደ ሰውነታቸው ደርሷል ማለት ነው። ዕቃውን ተቀብላ ወደ ብርሃን አወጣችው። ቢጫ፣ ጥቂት፣ ሽታው የሚቆነጥጥ። አቅለሸለሻት። ያንኑ ዕቃ እንደያዘች ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ዓርብ ስቅለት መሪጌታ በሰው ተደግፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መስገድ አልቻሉም፤ እስከ ትንሣኤ ያለ እህል ውሃ መቆየቱን፣ አክፍሎቱንም ተከለከሉ። እንቢ ሊሉ ሲሞክሩ የብርጓል የሩዙን ውሃ ይዛ በዚያ ሁሉ ምእመን መሀል መጣች። ሁሉም ያያል፤ የማን ልጅ እንደሆነችና ምን እንደምትሠራ የማያውቅ አልነበረም። መሪጌታ ፊታቸውን አጨማድደው ጽዋውን ከእጇ ተቀበሉና እስከ አተላው ጨለጡት።

ዛሬ አባትና ልጅ አብረው ነው የሚኖሩት። እሷ አሁንም እዚያው ጤና ጣቢያ ናት። አሁንም ትጸየፋለች። ሩዝም አትበላም።

የሚያስጠላኝን አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። አባቷ የተዉትን ነገር ሰፈሩ አልተወውም። ማኅበር ላይ ጽዋዋን ለብቻ ያስቀምጡላታል። ቤቷ የሚመጣ ጎረቤት «አሁን ነው የጠጣሁት» እያለ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ይህን ከሚያደርጉት ውስጥ ስንቶቹ ያ ሸራ አልጋ ላይ ተኝተው በእጇ እንደዳኑ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹን ከጎኔ ተኝተው አይቻቸዋለሁ። ከባልዲው ይልቅ ይህ ነው የሚከረፋው።

ስለዚህ እናንተ አንባቢዎች፣ ወደ ባሕር ዳር ብቅ ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ፋሲሎ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ይዛችሁ «የየኔታ ወልደ ዮሐንስ ቤት» በሉ። «የባልዲዋ ሴት» ብትሉ ፈጥነው ያሳዩአችኋል፤ እንደዚያ ግን አትበሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ይኖራሉ። ምንም መያዝ አያስፈልግም። ውሃ ስታቀርብላችሁ ብቻ ተቀብላችሁ ጠጡ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው።